የ32,768 ሄርትዟ የሰዓት ክሪስታል፦ በሱፐርፍሉይድ ሂሊየም ውስጥ የአዙሪትን መነሳት ለመስማት ምን ያህል ትበቃለች?

በእጅ ሰዓት ውስጥ ሰከንድ የምትቆጥረው የኳርትዝ ክሪስታል ባለ ሁለት ጥርስ ትንሽ ሹካ ናት። በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች። ቁጥሩ 2 በራሱ 15 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ስለሆነ ሰዓቱ በግማሽ በግማሽ እየከፈለው በትክክል አንድ ሰከንድ ላይ ይደርሳል። አየሩ ተመጥጦ በታሸገ የብረት ቆብ ውስጥ ትሸጣለች፤ በብዛት ሲገዛ የአንዷ ዋጋ ከአንድ ስኒ ቡና ያንሳል። ይህች ዕቃ ከቆቧ ወጥታ እጅግ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ስትገባ ግን ሰዓት ሠሪዎች ያላሰቡላትን ሥራ ትሠራለች፦ ሱፐርፍሉይድ (ያለ ግጭት የሚፈስ) ሂሊየም ውስጥ አዙሪት ሲባዛና ፍሰቱ ወደ ነውጥ ሲለወጥ ትናገራለች። የላንካስተር፣ የፕራግ፣ የሄልሲንኪና የኮሺትሴ የቅዝቃዜ ፊዚክስ ቤተ ሙከራዎች ለዚሁ ሥራ ተጠቅመውባታል።

ፍርዱን ከወዲሁ ለሚፈልግ፦ ነውጥ የሚነሳበትን የፍጥነት ደፍ ለማግኘት በዚህ ዋጋ የሚስተካከላት የለም። ከ1 ኬልቪን በላይ ለቴርሞሜትርነትም ትበቃለች። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት የአዙሪት መስመር እንዳለ ለመቁጠር ግን አትሆንም፤ ለዚያ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል፣ ከታች እንመለስበታለን። ብዙ ተጠቃሚ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የሹካዋን ንባብ የአዙሪት ቆጠራ አድርጎ ይወስደዋል።

ምን እንደምትለካ ለመረዳት የፈሳሹን ጠባይ ማወቅ ግድ ነው። ፈሳሽ ሂሊየም በአንድ ከባቢ አየር ግፊት በ4.2 ኬልቪን ይፈላል። ከላዩ ያለውን ትነት ፓምፕ ሲስበው እየቀዘቀዘ ይወርድና 2.17 ኬልቪን ላይ፣ ላምዳ ነጥብ በሚባለው፣ መፍለቅለቁ ድንገት ይቆማል። አረፋው ይጠፋል፣ ፈሳሹም እንደ መስተዋት ጸጥ ይላል። ከዚያ በታች ፈሳሹ እርስ በርሱ እንደተዋሐደ ሁለት ፈሳሽ ይሆናል። አንደኛው፣ መደበኛው ክፍል፣ ዝልግልግነት አለው፣ ሙቀትም የሚሸከመው እሱ ነው። ሌላው፣ ሱፐርፍሉይዱ፣ ዝልግልግነት የለውም። በ2.0 ኬልቪን መደበኛው ክፍል ከግማሽ ጥቂት ይበልጣል፤ በ1.6 ኬልቪን ወደ 17 በመቶ ይወርዳል፤ በ1.0 ኬልቪን ከ1 በመቶ በታች ነው።

ሱፐርፍሉይዱ እንደ ውኃ እንደፈለገ መሽከርከር አይችልም። መሽከርከር ካለበት በቀጭን መስመሮች ዙሪያ ብቻ ነው። የእያንዳንዱ መስመር የዙረት መጠን አንድና ያው ነው፦ በሰከንድ 0.0997 ካሬ ሚሊሜትር። ይህ የፕላንክ ቋሚ ቁጥር ለአንድ የሂሊየም አተም ክብደት ሲካፈል የሚገኘው ነው። የመስመሩ እምብርት ውፍረት 0.1 ናኖሜትር አካባቢ ነው፣ ከአንድ አተም ብዙም አይበልጥም። ሐሳቡን ኦንሳገር እ.ኤ.አ. በ1949 አቀረበው፣ ፋይንማን በ1955 አሰፋው፣ ቫይነን ደግሞ በ1961 በሚንቀጠቀጥ ሽቦ አንድ ነጠላ የዙረት መጠን ለካ። እነዚህ መስመሮች እንደተተበተበ ፈትል ሲወሳሰቡ የኳንተም ነውጥ ይባላል። ሹካዋ የቫይነን ሽቦ የሥጋ ዘመድ ናት፤ ልዩነቱ ማግኔት አለመፈለጓ ነው።

ስትገዙ

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት ሲሊንደራዊ መጠኖች ናቸው፦ 2 በ6 ሚሊሜትርና 3 በ8 ሚሊሜትር። ለጀማሪ ትልቁን እንመክራለን፤ ቆቡን ሲያወልቁ ለእጅ ይመቻል። በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፉትን ጠፍጣፋ ባለ ሴራሚክ ሳጥኖች ተዋቸው፣ ሲከፈቱ ክሪስታሉ አብሮ ይሰበራል። ከ32 ኪሎሄርትዝ በላይ የሆኑም አሉ፣ ለምሳሌ የሬዲዮ ሰዓት ምልክት ለመቀበል የሚሠሩት የ60 እና የ77.5 ኪሎሄርትዝ። ነገር ግን ፍሪኩዌንሲው ከፍ ባለ ቁጥር ሹካዋ ጉልበቷን በድምፅ ሞገድ ወደ ፈሳሹ ትበትናለች፤ ከ100 ኪሎሄርትዝ በላይ ይህ ብክነት አዙሪቱ ከሚያመጣው መጎተት ይበልጥና የምትፈልጉትን ይሸፍናል። የ32ቱ ሹካ ዋና ብልጫ እዚህ ነው። በሂሊየም ውስጥ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 238 ሜትር ያህል ስለሆነ በዚህ ፍሪኩዌንሲ የሞገዱ ርዝመት 7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሹካዋ ከሞገዱ ታንሳለች፣ የሁለቱ ጥርሶች ተቃራኒ እንቅስቃሴም ድምፁን እርስ በርሱ ያጠፋፋዋል።

ከአንድ ፋብሪካና ከአንድ የምርት ስብስብ የሆኑ 20 ወይም 30 ግዙ። ጥቂቶቹ ቆብ ሲወልቅ ይሰበራሉ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ሲበየዱ ይበላሻሉ። የቀሩት እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ አንዷን በጥንቃቄ መለካት ለሌሎቹም ይጠቅማል።

ቆቡን ማውለቅ

ከመክፈታችሁ በፊት እያንዳንዷን በቆቧ እንዳለች ለኩና ጻፉ፦ የሬዞናንስ ፍሪኩዌንሲዋን (ከሁሉ አብልጣ የምትንቀጠቀጥበትን)፣ የሬዞናንሱን ስፋት (በስንት ሄርትዝ ላይ እንደተዘረጋ)፣ የተከታታይ ሬዚስታንሷን። ጤነኛ የሆነች ከ1 ሄርትዝ በታች ስፋትና ከ30 እስከ 50 ኪሎኦም ሬዚስታንስ ታሳያለች። እነዚህ ቁጥሮች በኋላ ለካሊብሬሽን ይፈለጋሉ፣ ቆቡ ከወለቀ በኋላ ደግሞ አይመለሱም።

ቆቡን በሞርሳ አጥብቆ ማሰርም ሆነ በፒንሳ መጨፍለቅ ትልቁ ስሕተት ነው። ሁለቱ እግሮች የሚያልፉበት የመስታወት ማሸጊያ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም እስከ ክሪስታሉ ሥር ይደርሳል። የሚሻለው ከመሠረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ቆቡን እያዞሩ በቀጭን ሞረድ ዙሪያውን መሞረድ ነው። ብረቱ ሳስቶ ሲለይ ቆቡን በወረንጦ ይዞ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ፤ ወደ ጎን ካዘነበለ ጥርሱን ይነካል። ቶርኖ ያለው ሰው በዝግታ እያዞረ ቢቆርጠው የበለጠ ንጹሕ ይሆናል። የቆቡን ጫፍ ብቻ ሞርዶ ቀሪውን እንደ መከለያ የሚተውም አለ፤ ሹካዋን ከአቧራ ይጠብቃታል፣ ግን ፈሳሹ በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚታሰር ንባቡን ያዛባል። ለነውጥ ሥራ ሙሉ በሙሉ ማውለቁን እንመርጣለን።

የብረት ብናኙን በአይሶፕሮፓኖል በቀስታ እጠቡት። አልትራሳውንድ ማጠቢያ ውስጥ ፈጽሞ አታስገቧት፦ የእነዚያ ማጠቢያዎች ፍሪኩዌንሲ አብዛኛውን ጊዜ 40 ኪሎሄርትዝ አካባቢ በመሆኑ ለሹካዋ ቅርብ ነው፣ ጥርሶቿን አወዛውዞ ሊሰብራቸው ይችላል። ቀጥሎ በአየር ላይ እንደገና ለኩ። ስፋቱ ወደ 3 ወይም 4 ሄርትዝ፣ ሬዚስታንሱም ወደ ጥቂት መቶ ኪሎኦም ማደግ አለበት፤ ፍሪኩዌንሲው ጥቂት ሄርትዝ ይወርዳል። ስፋቱ ከ10 ሄርትዝ ካለፈ ወይም ሁለት ጫፍ ከታየ ጥርሷ ላይ ቆሻሻ አለ ወይም ተሰንጥቃለች፤ ወደ ሌላዋ እለፉ።

የሹካዋ እግሮች ብዙ ጊዜ ማግኔት የሚስባቸው ናቸው። ማግኔታዊ መስክ ባለበት ክሪዮስታት (ፈሳሽ ሂሊየሙን በቅዝቃዜ የሚይዝ ዕቃ) ውስጥ ከሆነ አሳጥሯቸውና በመዳብ ሽቦ ቀጥሏቸው። ካውያው እግሩን ከሁለት ሰከንድ በላይ መንካት የለበትም። ሙቀቱ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ክሪስታሉን ከእግሩ ጋር የሚያያይዘው ብየዳ ይቀልጥና ሹካዋ ትንጋደዳለች። በካውያውና በመስታወቱ መካከል እግሩን በወረንጦ መያዝ ሙቀቱን ወደ ወረንጦው ይወስደዋል።

ኤሌክትሮኒክሱ

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ የሲግናል ጄኔሬተር፣ ጅረትን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይር አምፕሊፋየር፣ እና ሎክ-ኢን አምፕሊፋየር (በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ያለውን ምልክት ከጫጫታ ለይቶ የሚለካ)። መቀየሪያው በአንድ አምፔር አንድ ሚሊዮን ቮልት ቢያጎላ ይበቃል፤ 1 ማይክሮአምፔር 1 ቮልት ይሆናል። ለማነቃቂያውና ለመልስ ምልክቱ ሁለት የተለያዩ ኮአክሲያል ኬብሎች እስከ ሹካዋ ድረስ ይውረዱ። ሁለቱን ሽቦ አብሮ ማጠማዘዝ የተለመደ ጥፋት ነው። በሽቦዎቹ መካከል ያለ እያንዳንዱ ፒኮፋራድ በዚህ ፍሪኩዌንሲ እንደ 5 ሜጋኦም መንገድ ሆኖ ጅረት ያሳልፋል፣ አሥር ፒኮፋራድ ከተጠራቀመ ደግሞ የሬዞናንሱ ቅርጽ ወደ ጎን ይዘምማል። የሹካዋ የራሷ 1 ወይም 2 ፒኮፋራድ አይቀርም፤ እሱን ከሬዞናንሱ ርቀው ለክተው ከመረጃው ቀንሱት።

ጅረትን ወደ ፍጥነት መለወጥ

ያለዚህ ደረጃ የተቀረው ሁሉ የቮልቴጅ ዝርዝር ብቻ ነው። በሹካዋ ውስጥ የሚያልፈው ጅረት ከጥርሱ ጫፍ ፍጥነት ጋር ቀጥታ ይመጣጠናል፤ ማባዣው የሹካ ቋሚ ይባላል። እሱን ለማግኘት የአንዱን ጥርስ ልኬት በማይክሮስኮፕ ለክታችሁ በኳርትዝ እፍግታ፣ በኪዩቢክ ሚሊሜትር 2.65 ሚሊግራም፣ ታባዛላችሁ። የጥርሱ ሥር ስለማይንቀሳቀስ ከክብደቱ 0.243 እጁ ብቻ ይቆጠራል። ከዚያ 4 ፓይን በዚህ ክብደትና በሬዞናንሱ ስፋት አባዝታችሁ ለሬዚስታንሱ ታካፍሉና ካሬ ሥሩን ትወስዳላችሁ።

በምሳሌ እንየው። ጥርሷ 3.6 ሚሊሜትር ርዝመት፣ በእንቅስቃሴው አቅጣጫ 0.48፣ በሌላው 0.40 ሚሊሜትር ከሆነ ክብደቷ 1.83 ሚሊግራም፣ የሚቆጠረው 0.445 ሚሊግራም ነው። በቆቧ ሳለች ስፋቷ 0.4 ሄርትዝ፣ ሬዚስታንሷ 30 ኪሎኦም ከነበረ የሹካ ቋሚዋ በሜትር 8.6 ማይክሮኩሎምብ ይሆናል። በሌላ አነጋገር 1 ማይክሮአምፔር ሲነበብ የጥርሱ ጫፍ በሰከንድ 11.6 ሴንቲሜትር ይሄዳል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሎክ-ኢን የሚያሳየው ውጤታዊ እሴትን (rms) ነው፣ ከፍተኛው ፍጥነት ደግሞ የዚያ 1.41 እጥፍ ነው። የሁለት ቤተ ሙከራዎች የደፍ ፍጥነት በ40 በመቶ ሲለያይ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ይህ ነው።

በዚህ መንገድ የተገኘ ቋሚ ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ ያልበለጠ ስሕተት ይኖረዋል። የጥርሱን እንቅስቃሴ በሌዘር የሚለካ የበለጠ ያጠራዋል፣ ግን ደፉን ለማየት አያስፈልግም።

ማቀዝቀዝ

ክሪዮስታቱን ከመሙላታችሁ በፊት አየሩን በፓምፕ ስባችሁ በንጹሕ ሂሊየም ጋዝ ሙሉት፤ ይህን ሦስት ጊዜ ድገሙ። በውስጡ የቀረ አየር በረዶ ሆኖ ሹካዋ ላይ ይቀመጣል። ምልክቱም አይስትም፦ ፍሪኩዌንሲው በድንገት ይወርዳል፣ ሬዞናንሱ ሁለት ጫፍ ያወጣል። መድኃኒቱ ማሞቅና እንደገና መጀመር ብቻ ነው።

ሹካዋ ከክፍል ሙቀት ወደ 4.2 ኬልቪን ስትወርድ ፍሪኩዌንሲዋ በአሥሮች የሚቆጠር ሄርትዝ ይቀንሳል፣ ይህ የኳርትዙ ጠባይ ነው። ፈሳሹ ሲሸፍናት ደግሞ በጥቂት መቶ ሄርትዝ ተጨማሪ ይወርዳል፣ ጥርሶቹ በዙሪያቸው ያለውን ፈሳሽ አብረው ስለሚገፉ። ስለዚህ ሬዞናንሱ ጠፋ ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት ከ31.5 እስከ 32.8 ኪሎሄርትዝ ድረስ ፈልጉ።

ከ4.2 እስከ ላምዳ ነጥብ ስትወርዱ ከሂሊየሙ አንድ ሦስተኛው ያህል ይተናል፤ ስትሞሉ ይህንን አስቡ። በላምዳ ነጥብ በኩል ቀስ ብላችሁ እለፉ። በፍጥነት ከታለፈ ሱፐርፍሉይዱ ከመወለዱ ብዙ የአዙሪት መስመር ይዞ ይወለዳል፣ እነዚህም በሹካዋ ሻካራ ገጽ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። የሙቀት መጠኑን ከትነቱ ግፊት ማንበብ ከሁሉ ቀላሉና አስተማማኙ ነው፦ 3,129 ፓስካል 2.0 ኬልቪን ነው፣ 1,638 ፓስካል 1.8፣ 746 ፓስካል 1.6፣ 472 ፓስካል 1.5። ከላምዳ በታች ፈሳሹ ሙቀትን እጅግ በፍጥነት ስለሚያስተላልፍ ሹካዋ ጥልቅ ብትሆንም የገጹ ግፊት የእሷን ሙቀት ይነግራችኋል። ከላምዳ በላይ ይህ እምነት አይሠራም።

ደፉን መፈለግ

በአንድ ቋሚ ሙቀት፣ 1.5 ኬልቪን እንበል፣ በትንሽ ማነቃቂያ ጀምሩ፤ 1 ሚሊቮልት ጥሩ መነሻ ነው። ፍሪኩዌንሲውን በሬዞናንሱ ላይ ጠርጋችሁ ቁመቱንና ስፋቱን መዝግቡ። ከዚያ ማነቃቂያውን ደረጃ በደረጃ ከፍ አድርጉ። በመጀመሪያ ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱም እጥፍ ይሆናል፣ ስፋቱ አይለወጥም። የሚጎትተው መደበኛው ክፍል ብቻ ነው፤ ሱፐርፍሉይዱ በጥርሱ ዙሪያ ያለ ምንም ግጭት ያልፋል። ከአንድ ፍጥነት በላይ ግን ሬዞናንሱ ይደፈጠጣል፣ ይሰፋል። ገጹ ላይ ተጣብቀው የቆዩት መስመሮች ተለጥጠው፣ ተቆራርጠው፣ እርስ በርስ ተገናኝተው ተባዝተዋል። የሚጎትተው ኃይል አሁን በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። ፍጥነቱን አሥር እጥፍ ለማድረግ ቮልቴጁ መቶ እጥፍ ይጠይቃል።

ደፉ የት እንደሚጠበቅ ከወዲሁ መገመት ይቻላል። የአንዱን መስመር የዙረት መጠን በንዝረቱ የማዕዘን ፍጥነት (ፍሪኩዌንሲው በ2 ፓይ ሲባዛ) አባዝታችሁ ካሬ ሥሩን ውሰዱ፦ 0.0997 በ205,900፣ ካሬ ሥሩ 143 ሚሊሜትር በሰከንድ። ስለዚህ በሰከንድ 14 ሴንቲሜትር አካባቢ፣ በምሳሌያችን ሹካ 1.2 ማይክሮአምፔር ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። የሚለካው ደፍ እንደ ሹካዋ ገጽ ልስላሴና እንደ ማዕዘኖቿ ሹልነት ከዚህ ወደ ላይ ይሸሻል፣ በሰከንድ እስከ 1 ሜትር የሚደርሱም አሉ። ያንን ጅረት ለማግኘት ስፋቱ 3 ሄርትዝ በሆነበት ሙቀት 0.3 ቮልት ያህል በቂ ነው፤ ወደ ፈሳሹ የሚገባው ጉልበት ከግማሽ ማይክሮዋት በታች ስለሆነ ሂሊየሙን አያሞቀውም። ከሽቦ ይልቅ ሹካዋን የምንወድላት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው።

ጠረጋውን ወደ ላይ ብቻ አታድርጉ፣ ወደ ታችም መልሱት። በተለይ ከ1 ኬልቪን በታች ወደ ላይ ስትወጡ ሰላማዊው ፍሰት ከደፉ አልፎ ይቆያል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ስትመለሱ ነውጡ በዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ነው የሚለቅቀው። ይህ የመሣሪያ ብልሽት አይደለም፤ መውጫውና መመለሻው መለያየቱ ራሱ ስለተጣበቁት መስመሮች የሚነግር መረጃ ነው። ውጤታችሁን ስትጽፉ የትኛውን እንደወሰዳችሁ አብራችሁ ጻፉ።

የመጠበቂያ ጊዜም አለ። ስፋቱ 3 ሄርትዝ ከሆነ ሹካዋ በግማሽ ሰከንድ ያህል ትረጋጋለች፤ በቫክዩም ውስጥ 0.1 ሄርትዝ ከሆነ ግን በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ከ15 ሰከንድ በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። ባዶ ቦታ ውስጥ ቀዝቅዛ ሳለች ትልቅ ቮልቴጅ አትስጧት። የሚያግዳት ፈሳሽ ስለሌለ ጥርሷ ይሰበራል።

የሚያሳስቱ ነገሮች

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሁለተኛ ድምፅ ነው። በሱፐርፍሉይድ ውስጥ ከተራው ድምፅ ሌላ የሙቀት ሞገድ አለ፣ በ1.6 ኬልቪን አካባቢ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል የሚጓዝ። በሹካዋ ፍሪኩዌንሲ ርዝመቱ 0.6 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ ስለዚህ በማንኛውም ጠባብ ቦታ ውስጥ፣ በራሷ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ጭምር፣ ሊታሰር ይችላል። ስፋቱ በአንዳንድ ሙቀቶች ላይ ብቻ ድንገት ካበጠ ሙቀቱን በመቶኛ ኬልቪን ቀይሩት። እብጠቱ ከተንቀሳቀሰ ወይም ከጠፋ የሁለተኛ ድምፅ ነው እንጂ የአዙሪት አይደለም። ከግድግዳ ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ማራቅ የተራውንም ድምፅ ጣጣ ያቀልለዋል፣ ፈጽሞ ባያጠፋውም።

በትልቅ ማነቃቂያ የሬዞናንሱ ጫፍ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ኳርትዙ ራሱ ከመስመራዊነት መውጣቱን ይናገራል። ነውጥ ጫፉን ይደፈጥጠዋል እንጂ አያዘነብለውም፤ ሁለቱን ለይቶ ማየት ይለመዳል።

በሚፈስ ሂሊየም ውስጥ

እስካሁን ያልነው ሹካዋ ራሷ ነውጡን ስትፈጥረው ነው። ሌላ ነገር የፈጠረውን ነውጥ ትሰማለች ወይ? ትሰማለች፣ ግን በጥንቃቄ። ቀላሉ መንገድ የሙቀት ተቃራኒ ፍሰት ነው። 1 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ታቹ የተዘጋ፣ ላዩ ወደ ፈሳሹ የተከፈተ ቦይ ሠርታችሁ ከታቹ 100 ኦም ሬዚስተር አኑሩ። 3.2 ቮልት ስትሰጡት 0.1 ዋት ይለቅቃል። መደበኛው ክፍል ሙቀቱን ይዞ ወደ ላይ ይፈስሳል፣ ሱፐርፍሉይዱ ቦታውን ሊሞላ ወደ ታች ይመለሳል። በ1.6 ኬልቪን የመጀመሪያው በሰከንድ 1.5 ሴንቲሜትር፣ ሁለተኛው 0.3 ሴንቲሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ልዩነት በቦዩ ውስጥ በካሬ ሴንቲሜትር 30,000 አካባቢ መስመር ይኖራል፣ በመካከላቸውም ወደ 0.06 ሚሊሜትር ርቀት። ማሞቂያው በሰዓት አንድ አሥረኛ ሊትር ያህል ሂሊየም ስለሚፈጅ ልኬቱን ሳታንዛዙ ጨርሱ።

የሹካዋ ጥርስ 0.4 ሚሊሜትር ነው፣ ከመስመሮቹ ርቀት ስድስት ወይም ሰባት እጥፍ ይሰፋል። ስለዚህ የምትነግራችሁ አማካዩን ነው። ጥርሶቿን ከፍሰቱ ጋር ትይዩ አድርጓቸው፤ በአግድም ከተቀመጠች ከኋላዋ የራሷን ጅራት ትፈጥራለች። ማነቃቂያዋም ከደፏ እጅግ በታች ይሁን፣ ከ0.08 ማይክሮአምፔር አይለፍ፣ በሰከንድ 1 ሴንቲሜትር ገደማ። ከዚያ በላይ ስትንቀጠቀጥ የቦዩን ነውጥ ከራሷ ነውጥ መለየት አይቻልም። በነዚህ ሁኔታዎች ስፋቷ ማሞቂያው ሲበራ ያድጋል፣ ሲጠፋም ይመለሳል። ለውጡ ትንሽ ስለሆነ ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ያስፈልጋል።

የመስመሩን ብዛት በቁጥር ለሚፈልግ የሁለተኛ ድምፅ መዳከም ነው መንገዱ። ሆልና ቫይነን በ1950ዎቹ አዙሪት ይህን ሞገድ እንደሚያደክመው አሳዩ፣ ቫይነን በ1957 የተቃራኒ ፍሰትን ነውጥ በዚሁ ለካ። በቦዩ ሁለት ጎን ወርቅ የተቀቡ ቀዳዳ ያላቸው ስስ ሽፋኖችን አስቀምጦ አንዱን ማነቃቃት፣ በሌላው ማዳመጥ፣ ሬዞናንሱ ምን ያህል እንደቀነሰ ማየት። ይህ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለውን ሙሉ ቦይ ይቆጥራል፣ በፍሰቱ ውስጥም ምንም ነገር አይደነቀርም። ሥራው ግን ከበድ ይላል፣ ሽፋኖቹ በእጅ ይዘጋጃሉ፣ መደበኛው ክፍል ሊጠፋ በደረሰበት ከ1 ኬልቪን በታችም አይጠቅምም። መስመሮቹን በዓይን ማየት የፈለጉት የሜሪላንድ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2006 የበረደ ሃይድሮጅን ብናኝ በትነው በሌዘር ብርሃን አሳይተዋቸዋል፤ ለዚያ መስኮት ያለው ክሪዮስታት ያስፈልጋል። ሁለቱ መሣሪያዎች አብረው ሲሠሩ በጣም ያምራል፦ ሽፋኖቹ ብዛቱን፣ ሹካዋ በአንድ ቦታ ያለውን ሁኔታ።

በሂሊየም-3፣ ቀለል ባለውና ብርቅ በሆነው የሂሊየም ዓይነት፣ ለሚሠሩ ሹካዋ ሌላ ዓለም ናት። በዚያ ሱፐርፍሉይድ ውስጥ ደፉ በሚሊሜትር የሚቆጠር ነው፤ ዝቅተኛ ግፊት ላይ በሰከንድ 9 ሚሊሜትር አካባቢ ጥንድ አተሞች መላቀቅ ይጀምራሉ። ስለዚህ ማነቃቂያው ከዚህ ከገለጽነው በብዙ ማነስ አለበት።

ስትጨርሱ

ለማነጻጸሪያ ብላችሁ ቆቧ ያልወለቀ ሹካ አብራችሁ ከነከራችሁ ስታሞቁ ዓይናችሁን ከእሷ አታንሡ። ማሸጊያዋ ጥቃቅን ስንጥቅ ካለው ሱፐርፍሉይድ ሂሊየም ሾልኮ ይገባል፤ የተራ ጋዝ መፈተሻ ያላገኘው ስንጥቅ እንኳ ያሳልፈዋል። በፍጥነት ስትሞቅ የገባው መውጣት አይደርስለትም፣ ቆቡም ይፈነዳል። ከ4 እስከ 20 ኬልቪን ያለውን ርቀት በአንድ ሰዓት ያህል ዘርጉት፣ ክሪዮስታቱንም በግፊት ማስተንፈሻ ክፍት አድርጉት። ክፍል ሙቀት ላይ ስትደርሱ የእያንዳንዷን ፍሪኩዌንሲና ስፋት መጀመሪያ በአየር ላይ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ። ከ1 ሄርትዝ በላይ የተለወጠች ካለች የዚያን ቀን መረጃዋን ለብቻው አስቀምጡት፣ ጥርሷንም በማይክሮስኮፕ ተመልከቱ።